ማለስለሻውና የአዴ ዘሀራ ውሃ

የመጀመሪያ ቀን ወደ ሥራ የወሰደችኝ አክስቴ ናት። ሐረር ውስጥ ከአቦከር ሠፈር ተነስተን ሐኪም ጋራ ሥር እስክንደርስ እሷ ስታወራ እኔ እሰማ ነበር። ቤቱ ቀድሞ ሳሙና ይሠራበት የነበረ ነው፤ ግድግዳው እስከ ዛሬ ሳሙና ይሸታል። ባለቤቱ ጋሽ ሰይፉ በር ላይ ቆመው ስሜን ጠየቁኝ። አክስቴ «ምሕረት ትባላለች» አለች። ዕድሜዬን ጠየቁኝ፤ እሷ መለሰች። ስንተኛ ክፍል እንደደረስኩ ጠየቁኝ። ስምንተኛን እንደጨረስኩ፣ ከዚያ ወዲያ እናቴ ታማ እንደቀረሁ እሷው ነገረቻቸው።

ጋሽ ሰይፉ ጎንበስ ብለው ፊቴን አዩና «ልጅቷ ትናገራለች ወይ?» አሉ።

«ስትፈልግ» አለች አክስቴ።

«ጥሩ ነው። እዚህ ተናጋሪ ሞልቷል» ብለው አስገቡኝ።

አክስቴ ሸዋ በር ገበያ ሽንኩርት ትሸጣለች። እዚህ ካልሆነልኝ ወደ እሷ መደብ እንደምሄድ በመንገድ ላይ ነግራኛለች። ሽንኩርት የሚሸጥ ሰው ገዢ መጥራት አለበት፤ መጥራት ማለት መጮህ ነው። አንድ ጠዋት ሞክሬዋለሁ። አፌን ከፈትኩ፤ ድምፅ አልወጣም። አንዲት ሴትዮ ጥርሴን ያመመኝ መስሏቸው ቅርንፉድ ሰጡኝ። ስለዚህ ይህ ሥራ ቢዘጋ ወዴት እንደምሄድ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቅ ነበር።

ሥራው በፌስታል ፋንታ ከበቆሎ ስታርች ከረጢት መሥራት ነው። ፌስታል ይቀራል የሚለው ወሬ ነጋዴውን ሁሉ ያስጨነቀበት ጊዜ ስለነበር ጋሽ ሰይፉ ሳሙናውን ትተው ወደዚህ ዞረዋል። የሙያው ባለቤት መምህር አዳነ ናቸው። ከጎጃም ተመድበው የመጡ የኬሚስትሪ መምህር ሲሆኑ፣ ትምህርት ቤት ሲለቀቅ ነጭ ጋውናቸውን ሳያወልቁ ወደ እኛ ይመጣሉ። መንገድ ላይ ሐኪም መስለዋቸው ምላሳቸውን የሚያሳዩዋቸው ሰዎች ነበሩ።

መምህር አዳነ የመጀመሪያ ቀን ሦስት ሉህ ከፊቴ ዘረጉ። ሉህ የምንለው መስታወት ላይ ፈስሶ የደረቀውን ስስ ነገር ነው። አንደኛውን አንሺ አሉኝ። ገና ስነካው እንደ ደረቅ ቂጣ ተሰበረ። ሁለተኛውን ሳጥፈው ታጠፈ፤ ስለቀው ተመለሰ። ሦስተኛው እንደ ማስቲካ ተሳበ፣ ጣቴ ላይ ተጣበቀ፤ ሳላቅቀው ሌላው ጣቴ ላይ ተጣበቀ።

ሦስቱም ስታርቻቸው አንድ ነው አሉኝ። የሚለያዩት በማለስለሻው ነው። በመጀመሪያው ምንም የለም፤ በሁለተኛው ልክ ነው፤ በሦስተኛው በዝቷል። ማለስለሻችን ግሊሰሪን ነበር፤ ሰው እጁንና ፊቱን የሚቀባው ያው ግሊሰሪን።

«እጅ ለእጅ ተያይዘው የቆሙ ሰዎች አስቢ» አሉኝ። «እንደዚያ ሆነው መላወስ አይችሉም፤ ብትገፊያቸው አንድ ላይ ነው የሚወድቁት። ማለስለሻ በመካከላቸው ይገባና ያላላቸዋል። ብዙ ከገባ ግን ጭራሽ ይለቃቀቃሉ። ደግሞ ውሃ ወዳድ ነው፤ ከአየር ላይ ሳይቀር ስቦ ያመጣል።»

በሁለት እጄ ተቀብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። የተቀበልኩት ነገር አልነበረም፤ ልማድ ሆኖብኝ ነው። እሳቸውም የሰጡኝ ነገር እንዳለ ለማየት እጃቸውን ተመለከቱ።

የቤቱ ማዕረግ እንዲህ ነበር። ከታች አማሳይ አለ፤ ከዚያ አፍሳሽ፣ ከዚያ ላጭ፣ ከዚያ ሰቃይ። ከሁሉ በላይ መዛኝ ነው፤ ማለስለሻውን የሚመዝን እሱ ብቻ ነው። እኔ ስገባ መዛኟ ሙና ነበረች። የሐኪም ጋራ ልጅ ናት፤ አፏ አያርፍም፤ ሚዛን ላይ ስትሆን ግን ትንፋሿን ትይዛለች።

እኔ የተቀጠርኩት አማሳይ ሆኜ ነው። ስታርቹ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ይበጠበጣል። ኮምጣጤ ጠብ ይደረግበታል፣ ማለስለሻው ይገባል፣ ከዚያ እሳት ላይ ይጣዳል። ነጭ የነበረው ጥርት እስኪል፣ ማማሰያው ከበድ እስኪል ድረስ በአንድ አቅጣጫ ይማሰላል። አረፋ ካነሳ ያ ድስት ተበላሸ ማለት ነው፤ አረፋው ሉሁ ላይ ቀዳዳ ሆኖ ይወጣል። ከዚያ ከፈረሰ ቤት በተገዛ የመስኮት መስታወት ላይ ይፈስሳል፣ በጠፍጣፋ እንጨት ይደለደላል፣ ይደርቃል፣ ይላጣል፣ ይሰቀላል፣ ይቆረጣል። ጠርዙን በእርጥብ ጨርቅ ነካ አድርገን ለብ ባለ ካውያ ስንጫነው ከረጢት ይሆናል።

ከጊዜ በኋላ የሁላችንም እጅ በግሊሰሪኑ ለሰለሰ። ስታርች የሚያራግፉት ጫኞች ሲጨብጡን ደንገጥ ይሉ ነበር። አክስቴ አንድ ቀን መዳፌን ገልብጣ አየችና ይህ የሠራተኛ እጅ አይደለም አለች። በማግስቱ በእርግጥ የምሠራ መሆኔን ለማጣራት ከሽንኩርቷ ተነስታ መጣች። ድስቱ አጠገብ ቆማ አየችኝ። ከመሄዷ በፊት የእኔንም እጅ ቀቢልኝ አለችኝ።

የመጀመሪያው ችግራችን ሰማዩ ነበር። በበጋ ደረቁ ነፋስ ሲመጣ የተሰቀሉት ሉሆች ጧ፣ ጧ እያሉ ይሰነጠቃሉ። በክረምት ደግሞ አይደርቁም። አንድ ሐምሌ ጠዋት ስንገባ ሁሉም ተቃቅፈው አንድ ትልቅ ነገር ሆነው አገኘናቸው፤ እንደ በሬ ታፋ ለሁለት ተሸክመን አወረድነው። ጋሽ ሰይፉ አይጣልም ብለው መስኮት ላይ መጋረጃ አደረጉት። የጎረቤት ፍየል በውጭ በኩል መጥታ በላችው። ጋሽ ሰይፉ ፍየሏን አስረው ባለቤቷን ጠሩ። ሰውየው ፍየል መጋረጃ በላች ሲባሉ ሳቁ፤ መጋረጃው ከበቆሎ የተሠራ መሆኑን ሲሰሙ ግን መሳቃቸውን ትተው ጋሽ ሰይፉን በሐዘን ዓይን ተመለከቱ።

መምህር አዳነ ነገሩን አስረዱ። በአየር ላይ ያለው እርጥበት ራሱ ማለስለሻ ነው። በክረምት ከሰማይ ስለሚመጣ ከእኛ መቀነስ አለበት፤ በበጋ መጨመር አለበት።

«ታዲያ ለሰማዩ ደመወዝ እንክፈለው?» አሉ ጋሽ ሰይፉ።

ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ሙና ሚዛኑን ከመንካቷ በፊት ወጥታ ሰማይ ታያለች። ላያት ሰው ጸሎት ላይ ያለች ትመስላለች።

በዚህ ዓይነት ሉሁ ሥርዓት ያዘ፤ ገዢ ግን አልያዘም። ዳቦ ቤቶቹ ሞቅ ያለ ዳቦ ከተቱበትና መለሱት። ስኳር ሻጮቹ ስኳሩ ከከረጢቱ ጋር ተጋባብን አሉ። አንድ ቀን ጋሽ ሰይፉ ሁላችንንም ሰብስበው ቁርጡን ነገሩን። የቀሩት አንድ ሰው አዴ ዘሀራ ናቸው፤ እሳቸው ከረጢቱን ካልወሰዱ ጋሽ ሰይፉ ወደ ሳሙና ይመለሳሉ። ለሳሙና ደግሞ የሚያስፈልጉት የድሮዎቹ ሠራተኞች ብቻ ናቸው። ይህን ሲሉ የማንንም ፊት ላለማየት ጣሪያውን ተመለከቱ። እኔ መሬቱን አየሁ፤ የሽንኩርት ልጣጭ የታየኝ መሰለኝ።

አዴ ዘሀራ በፈላና በር የጫት ነጋዴ ናቸው። በሠፈሩ ትልቅ ትንሹ አዴ ይላቸዋል፤ እናት እንደማለት ነው። እሳቸው የያዙትን በመደዳው ያሉት ሻጮች ሁሉ ይይዙታል፤ እሳቸው የጣሉትን ማንም አያነሳውም። ጫቱ በእስር በእስሩ ነው የሚሸጠው፤ እስሩ ዙርባ ይባላል። ጋሽ ሰይፉ ለዙርባ የሚሆን ከረጢት አሠርተው ላኩላቸው።

አዴ ዘሀራ በማግስቱ ራሳቸው መጡ። ቀኝ መዳፋቸውን ዘርግተው ነበር፤ መዳፉ ላይ አንድ የሚያብለጨልጭ ነገር ተለጥፏል።

«ሰይፉ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ከረጢታችን ነዋ፣ አዴ።»

«ወላሂ የባሚያ ወጥ ነው። ዙርባውን ከተትኩ፣ ውሃዬን ረጨሁ፣ ዞር ስል ከረጢት የለም። ቅጠሉ ላይ ተለቅልቋል።»

መምህር አዳነ ውሃው ለምን እንደሚረጭ በትሕትና ጠየቁ። አዴ ዘሀራ ለምን ፊትዎን ይታጠባሉ የተባሉ ይመስል ቆመው አዩዋቸው። ውሃ ያልነካው ጫት ይጠወልጋል፤ ለሰው አይሰጥም፤ እናታቸውም ሲረጩ ኖረዋል።

«የባሰው እኮ እሱ አይደለም» አሉ ቀጠሉና። «ቃሚዎቹ ወደዱት። ይጣፍጣል፣ ስኳር ቀረልን አሉ። ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ‘ባለ ባሚያውን ስጪን’ እያሉ ያደርቁኛል። አቦ፣ እኔ ጫት ነው የምሸጠው፤ ወጥ አልሸጥም።»

መምህር አዳነ ደነገጡ፤ ቃሚዎቹን ያመማቸው ነገር እንዳለ ጠየቁ። ደኅና ናቸው ተባሉ። ግሊሰሪን ጣዕሙ ጣፋጭ ነው፤ እሳቸውም ከመጀመሪያው ጀምሮ ለምግብ ከሚሆነው ሌላ አላስገባም ብለው ከጋሽ ሰይፉ ጋር ተጣልተውበታል። እንዲያም ሆኖ ከረጢት ለመበላት አልተሠራም ብለው ወደ ሥራ ገቡ።

ግሊሰሪኑን ቀነሱ፤ ሉሁ ተሰበረ። ሶርቢቶል የሚባል ሌላ ማለስለሻ ከአዲስ አበባ አስመጡ። ነጭ ዱቄት ነው፤ ከግሊሰሪን ይልቅ ውሃ የመሳብ ነገሩ ያነሰ ነው፤ ሉሁን ግን ጠንከር ያደርገዋል። ሁለቱን አደባለቁ። እኔ በዚያን ጊዜ ላጭ ሆኜ ነበር። ከየድስቱ ሉህ እንደ ሰበዝ ቀጭን ቀጭን እየቆረጥኩ ለሰቃይዋ አቀብላለሁ፤ እሷ ከላይ ታንጠለጥለዋለች፣ ከታች የሚዛን ብረት እስኪበጠስ ድረስ ይጨመርበታል። ግሊሰሪን የበዛበት ከመበጠሱ በፊት እስከ መሬት ይወርዳል። ሶርቢቶል የበዛበት ብዙ ይሸከማል፤ ሳይሳብ ግን ድንገት ቀጭ ይላል። መሃሉን ፈለግን። ከዚያ ሉሁን እርጥብ ስፖንጅ ላይ እያስቀመጥን ጠበቅን።

በመጨረሻ ላብ ያለው እጅ የሚችል፣ ዙርባ የሚሸከም፣ የማይሰበር ከረጢት ወጣ። ውሃ ከተረጨበት ግን ትንሽ ቆይቶ መልፈስፈሱ አልቀረም። ጋሽ ሰይፉ ጭራሽ ውሃ የማያገባ አድርጉልኝ አሉ።

መምህር አዳነ «ጭራሽ ውሃ የማይገባውማ አፈር ውስጥም አይበሰብስም፤ እሱ እኮ ፌስታል ነው» አሏቸው።

ጋሽ ሰይፉ አሰቡና «ከረጢቱ ካልተቀየረ ሴትዮዋን እንቀይር» አሉ።

ሁለቱ አብረው ፈላና በር ሄደው ለመኗቸው። አዴ ዘሀራ በሚገባ አዳመጡ፤ ነገሩ ገብቷቸዋል፤ ኢንሻአላህ አልረጭም ብለው ቃል ሰጡ። መምህር አዳነ እንደነገሩን ከሆነ፣ ቃል ሲሰጡም እየረጩ ነበር።

ከረጢቱን የሚፈትን ተቆጣጣሪ ከከተማው አስተዳደር የሚመጣበት ቀን ደረሰ። ፈተናው ሁለት ነው። አንዱ ከረጢት ዙርባ ይዞ ከፈላና በር ተነስቶ በጀጎል ግንብ ውስጥ ዞሮ ሳይቀደድ መመለስ አለበት። ሌላው አፈር ውስጥ ይቀበርና መጥፋቱ ይታያል። አዴ ዘሀራ ተቆጣጣሪው ካሳለፈው እወስዳለሁ፤ ካላሳለፈው ግን አልነካም ብለዋል። ስለዚህ ያቺ ቀን ለእኔ ወይ ከረጢት ናት ወይ ሽንኩርት።

አዴ አጠገብ የሚቆም ሰው ያስፈልግ ነበር። መምህር አዳነ ክፍለ ጊዜ አላቸው። ሙና ትጣላለች። ጋሽ ሰይፉ ደግሞ ሳይናገሩት እንደሚፈሯቸው ሁላችንም እናውቃለን። ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺ ዝም ብለሽ ከጎናቸው ቁሚ። እጃቸው ወደ ውሃው ሲሄድ ቀስ ብለሽ አስታውሻቸው፤ ሌላ ሥራ የለብሽም።»

ሙና ከኋላ «ይህችን ልጅ ለማስታወስ? እሷን ማን ያስታውሳት?» አለች።

ቀኑ ዓርብ ነበር። አዴ ዘሀራ እርጥብ ጆንያ ላይ ጫታቸውን ደርድረው ተቀምጠዋል። በቀኛቸው ክዳኑ የተበሳሳ የወተት ዱቄት ጣሳ አለ፤ የሚረጩት በእሱ ነው። ተቆጣጣሪው አቶ ፍቃዱ ከረባት ያሰሩ ቀጭን ሰው ናቸው። ገና ሰላምታ ሳይጨርሱ እሳቸው እንደማይቅሙ፣ ለሥራ ብቻ እንደመጡ አስታወቁ። አዴ ዘሀራ ማሻአላህ ብለው ምርጡን ዙርባ አነሱና ከረጢታችን ውስጥ ከተቱት። ከዚያ እጃቸው ወደ ጣሳው ሄደ።

«አዴ፣ አይርጩ» ማለት ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ። በእንግዳ ፊት ትልቅ ሰው እንዴት ይታረማል? ድምፄ አልወጣም። እጃቸውን መያዝም አልቻልኩም። ስለዚህ ጣሳውን ቀድሜ አነሳሁት።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ጣሳ ያነሳ ሰው አንድ ነገር ማድረግ አለበት። ክዳኑን ከፈትኩና ጠጣሁት። ቅጠል ቅጠልና ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል።

«ውይ፣ ጠምቷት!» አሉ አዴ ዘሀራ። «ከሐኪም ጋራ በእግርሽ ነው የመጣሽው?» ራሴን ነቀነቅሁ። ጣሳውን ተቀብለው ከጀሪካኑ ሞሉትና ወደ ዙርባው አዘነበሉ። ወሰድኩና ጠጣሁት።

አቶ ፍቃዱ ቀረብ ብለው «ስኳር አለባት እንዴ?» አሉ።

አዴ ዘሀራ ለመደዳው ተጣሩ። የተጠማ ሰው አለ ሲባል በፈላና በር ዝም የሚል የለም። አንዷ በኩባያ፣ አንዷ በጠርሙስ፣ አንድ ሽማግሌ ለውዱእ መታጠቢያ በያዙት ማንቆርቆሪያ አመጡልኝ። የሰው ውሃ አይመለስም። ደግሞም መሬት የሚቀመጥ ውሃ ሁሉ ኋላ ይረጫል። በሁለት እጄ እየተቀበልኩ ሁሉንም ጠጣሁ።

አዴ ዘሀራ ድንገት ቀና ብለው «ዛሬ ዓርብ አይደል? እናንተ ጾም አይደላችሁም?» አሉኝ።

ገና ጠዋት ነበር። አቶ ፍቃዱ አንገታቸው ላይ ክር ያሰሩ ሰው ናቸው፤ በዚያች ሰዓት ያዩኝን አስተያየት አልረሳውም። ደግነቱ ከእኔ ዘወር ለማለት ብለው ከረጢቱን አንጠልጥለው ወደ ጀጎል ገቡ።

እስኪመለሱ ቆሜ ጠበቅሁ። ብቀመጥ የምነሳ አልመሰለኝም። በጠባቡ መንገድ ብቅ ሲሉ ከረጢቱ እንደተንጠለጠለ ነው። አንድም ቦታ አልተቀደደም። ጠርዙን ሳቡት፣ ወደ ብርሃን አቀኑት፣ አሸተቱት።

«ይሸከማል» አሉ።

መደዳው ሁሉ እልል አለ። አዴ ዘሀራ ደስ ብሏቸው ዙርባውን ከነከረጢቱ ለልጆችዎ አባት ይሁን አሉ፤ የልጆቹ አባት ደግሞ ራሳቸው አቶ ፍቃዱ ናቸው። አቶ ፍቃዱ አልቅምም፣ አልወስድም፣ አይሆንም ብለው ወሰዱት። ከመሄዳቸው በፊት አዴ ዘሀራ ኋላ ለእኔ የመጣ አንድ ኩባያ ውሃ አነሱና ከረጢቱ ላይ ከላይ እስከ ታች ረጩ። ይህ የሆነው ዓይኔ እያየ ነው። ኩባያውን ቀድሜ አነሳ ዘንድ ሆዴ ቦታ አልነበረውም።

ሐኪም ጋራ ስደርስ ጋሽ ሰይፉ በር ላይ ነበሩ። «አለፈ» አልኳቸው። ሊያቅፉኝ ሲሉ «ከዚያ ረጩ» አልኳቸው። የስታርቹ ጆንያ ላይ ቁጭ አሉ። እኔ ለማስረዳት ጊዜ አልነበረኝም፤ ወደ ጓሮ ሮጥኩ።

አቶ ፍቃዱ በማግስቱ መጡ። ባዶ እጃቸውን ነበሩ። መምህር አዳነ ቅዳሜ ስለነበር ከእኛ ጋር ናቸው። ተቆጣጣሪው በሩን ከኋላቸው ዘጉ። ጋሽ ሰይፉ የሳሙና ድስቱን በዓይናቸው ሲፈልጉ አየኋቸው።

«ከረጢቱስ?» አሉ መምህር አዳነ።

«እሱን ልጠይቃችሁ ነው የመጣሁት። ቤቴ ድረስ ደኅና ይዞ ነበር። ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ምሳ በልቼ ስመለስ ቅጠሉ ብቻ ነው ያለው፤ ቅጠሉም ይጣፍጣል።»

ሙና ከሚዛኑ ቀና አለች። «የማይቅሙ ከሆነ መጣፈጡን እንዴት አወቁ?»

ጋሽ ሰይፉ ሳል ያዛቸው። አቶ ፍቃዱ ዞረው ግድግዳውን አዩ።

«ቆሻሻ ግን የለም» አሉ በመጨረሻ። «ጠረጴዛው ላይ የለም፣ ግቢው ውስጥ የለም። የሚቀበረው መጥፋቱን ለማየት አይደል? ጠፍቷል።»

መምህር አዳነ መጥፋት ያለበት አፈር ውስጥ ነው ብለው ሊከራከሩ ጀመሩ። ጋሽ ሰይፉ እግራቸውን ረገጧቸው። መምህር አዳነ ግን ነጭ ጋውን የለበሱት ለጌጥ አይደለም፤ በዚያው ቀን አቶ ፍቃዱን ይዘው ወጥተው ከጓሮ አንድ ከረጢት ቀበሩ። ከዝናቡ በኋላ ሁለቱ አብረው ሲቆፍሩ ያገኙት ያሰሩበትን ክር ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ግን አቶ ፍቃዱ ለተጨማሪ ምርመራ ብለው በየሳምንቱ ከፈላና በር አንድ ዙርባ ከነከረጢቱ ይወስዱ ነበር።

ጋሽ ሰይፉ በዚያው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እኔን አስከትለው አዴ ዘሀራ ጋ ሄዱ። ተቆጣጣሪው አሳልፎታል፤ ውሃው ግን እንደፈራነው ቤቱ ከገባ በኋላ አሟሟው ብለው እውነቱን ነገሯቸው። አዴ ትእዛዙን መሰረዛቸው አይቀርም ብለው ነው የነገሯቸው፤ ድምፃቸው ከእኔ ድምፅ አነሰ።

አዴ ዘሀራ እየረጩ ሰሟቸው።

«ቤቱ ከገባ በኋላ?»

«ከገባ በኋላ፣ አዴ።»

«ታዲያ ምን ሆንክ? እኔ ዘላለም ይኑር አልኩህ? ቃሚ እንደሆነ የትም አይዞርበትም፤ ገዝቶ ቤቱ ነው። ቤቱ እስኪገባ ይያዝልኝ። እዚያ ደርሶ ቢበላው እሱ ያውቃል።»

ስንት ወር የለፋነው ከረጢቱ ቀኑን ሙሉ ውሃ እንዲችል ነበር። ምን ያህል ጊዜ እንዲይዝላቸው እንደሚፈልጉ ግን ማንም ጠይቋቸው አያውቅም፤ እሳቸውም ካልተጠየቁ አይናገሩም። የመጀመሪያው ዞር እስኪሉ አልቆየም፤ ይሄኛው ቤት አድርሷል። ለእሳቸው ጉዳዩ አልቋል።

መደዳው ሁሉ ወሰደ። የሳሙናው ድስት የስታርች መበጥበጫ ሆነ። አክስቴ መደቧ ላይ ሌላ ልጅ ቀጠረች፤ ጥሩ ትጮኻለች አሉ። ሙና አግብታ ድሬዳዋ ስትሄድ ሚዛኑ ለእኔ ተሰጠኝ። አሁን መዛኝ እኔ ነኝ። ድሬዳዋ ለሚሄደው ከረጢት ሌላ ልክ፣ ለሐረር ክረምት ሌላ ልክ፣ ለበጋው ሌላ ልክ እመዝናለሁ። አዴ ዘሀራ ባለፉ ባገደሙ ቁጥር ውሃ ይሰጡኛል፤ አንድ ኩባያ ጠጥቼ አመሰግናለሁ።

በዚህ ወር አዳዲስ ልጆች ገብተዋል። መምህር አዳነ ሥራውን ንገሪያቸው ብለውኛል። ቆሜ መናገሩ ስለማይሆንልኝ ይህን ጽፌ ከሚዛኑ በላይ ሰቀልኩት። ማለስለሻ ሲያንስ ይሰበራል፤ ሲበዛ ይጣበቃል፤ ይህን በአንድ ቀን ትማሩታላችሁ። ከመመዘናችሁ በፊት ግን ከረጢቱን የሚይዘው ሰው ጋ ሂዱ፤ ምን እንደሚያደርግበት እዩ፣ እስከ የት እንዲያደርስለት እንደሚፈልግ ጠይቁት። ልኩ የሚገኘው ከዚያ ነው።